ከአሜሪካ ለቤተሰብ ገንዘብ መላክ፦ የትኛው መንገድ ይሻላል?

በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ የሐበሻ ሱቅ የገባ ሰው ከእንጀራውና ከበርበሬው አጠገብ የገንዘብ መላኪያ መስኮት ያገኛል፤ ስልኩን ሲከፍትም «ያለ ክፍያ ወደ ኢትዮጵያ ይላኩ» የሚል ማስታወቂያ ይጠብቀዋል። አዲስ አበባ ላለችው እናቴና ደብረ ታቦር አካባቢ ገጠር ለምትኖረው አክስቴ በሱቅ መስኮትም በስልክ መተግበሪያም ለዓመታት እየላክሁ ስለቆየሁ፣ መንገዶቹን የምመዝነው በአንድ መለኪያ ብቻ ነው። ከኪሴ ከወጣው ዶላር ስንት ብር፣ በምን ያህል ጊዜና በምን ያህል እንግልት ተቀባይዋ እጅ ገባ የሚለው ነው። ላኪውን የሚያስደስተው ሁሉ ለተቀባዩ ይበጃል ማለት አይደለምና።

ገንዘብ አስተላላፊ ድርጅቶች የሚያተርፉት በሁለት በኩል ነው፤ አንዱ በግልጽ የሚጠየቀው የአገልግሎት ክፍያ ሲሆን ሌላው በምንዛሪ ተመኑ ውስጥ የሚይዙት ልዩነት ነው። ስለዚህ «ክፍያ የለውም» የሚል ድርጅት በነፃ እየላከልን ነው ማለት አይቻልም። ለምሳሌ ያህል ኢትዮጵያ ውስጥ ያለው ባንክ በዕለቱ ዶላርን በ154 ብር ይገዛል እንበል። አንዱ ድርጅት ክፍያ ሳይጠይቅ በ148 ብር ይመነዝራል፤ ሌላው 3 ዶላር ከ99 ሳንቲም አስከፍሎ በ152 ብር ይመነዝራል። ከኪሳችን የሚወጣው ጠቅላላ ገንዘብ 200 ዶላር ከሆነ በመጀመሪያው 29,600 ብር፣ በሁለተኛው ደግሞ 29,793 ብር ይደርሳል፤ ክፍያ የጠየቀው ይሻላል ማለት ነው። የምንልከው 50 ዶላር ብቻ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በነፃ እልካለሁ ያለው 7,400 ብር ሲያደርስ የሚያስከፍለው 6,993 ብር ብቻ ያደርሳል። በዚህ ምሳሌ ሁለቱ የሚያደርሱት ብር እኩል የሚሆነው 152 ዶላር ገደማ ሲላክ ነው። በየወሩ ትንሽ ትንሽ የሚልክ ሰውና ለበዓል ወይም ለትምህርት ቤት ክፍያ አጠራቅሞ የሚልክ ሰው የተለያየ ድርጅት ቢመርጡ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ የሚችሉት ለዚህ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግቦች ገንዘብ የመላኪያ ወጪ እስከ 2030 (እ.ኤ.አ.) ከ3 በመቶ በታች እንዲወርድ ያስቀምጣሉ። በምሳሌያችን 200 ዶላር ሲላክ በባንኩ ተመን ሊደርስ ይችል ከነበረው 30,800 ብር ላይ የመጀመሪያው ድርጅት 3.9 በመቶ፣ ሁለተኛው 3.3 በመቶ ያስቀራሉ፤ ሁለቱም ከግቡ በላይ ናቸው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ይህ ስሌት ከቀድሞው የበለጠ ክብደት አለው። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ የባንኮቹም ተመን ተቀራራቢ ስለነበር ላኪው ክፍያውን ብቻ ቢያወዳድር ብዙም አይጎዳም ነበር። ከለውጡ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ዶላር 100 ብርን ተሻገረ፣ ባንኮችም የየራሳቸውን ተመን በየዕለቱ ያወጣሉ። ስለዚህ ከመላኬ በፊት በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ሦስት መተግበሪያዎችን ከፍቼ፣ ክፍያውን ጨምሮ እኩል ገንዘብ አስገብቼ፣ ከታች «ተቀባይ የሚያገኘው» በሚለው መስመር ላይ ያለውን ብር ብቻ አነባለሁ። ለአዲስ ደንበኛ የሚሰጠው ማራኪ ተመን ብዙውን ጊዜ ለመጀመሪያው መላኪያና ለተወሰነ መጠን ብቻ ስለሆነ፣ ድርጅቱን በእሱ መመዘን አይገባም። በበዓላት ሰሞን አንዳንድ የአገር ቤት ባንኮች ከውጭ ለሚላክ ገንዘብ ጭማሪ ይሰጣሉ፤ ጭማሪው በየትኛው ድርጅት በኩል ሲላክ እንደሚታሰብ አስቀድሞ መጠየቅ ጥሩ ነው።

ገንዘቡ ከየት እንደሚከፈልም ወጪውን ይለውጠዋል። ከባንክ ሒሳብ ወይም በዴቢት ካርድ መክፈል በአብዛኛው ርካሽ ነው። በክሬዲት ካርድ ሲከፈል ግን ካርዱን የሰጠው ባንክ ጥሬ ገንዘብ እንደተበደርን ቆጥሮ ተጨማሪ ክፍያና ከዚያው ቀን የሚጀምር ወለድ ሊያስከፍል ስለሚችል፣ ካልቸገረ በቀር አልመክረውም። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት በጥሬ ገንዘብ፣ በመኒ ኦርደርና በባንክ ቼክ ተከፍሎ ወደ ውጭ በሚላክ ገንዘብ ላይ 1 በመቶ ግብር ጥሏል፤ ከአሜሪካ ባንክ ሒሳብ ወይም በአሜሪካ በተሰጠ ካርድ የሚከፈለውን ግብሩ አይመለከተውም። በሱቅ መስኮት 200 ዶላር በጥሬው የሚልክ ሰው 2 ዶላር ይጨምራል ማለት ነው። የባንክ ሒሳብ ለሌላቸው አዲስ መጤዎችና መተግበሪያ መጠቀም ለሚከብዳቸው አባቶችና እናቶች ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። ልጆቻቸው ወይም ዘመዶቻቸው ሒሳብ እንዲከፍቱ ቢያግዟቸው ትልቅ ውለታ ነው።

ወደ አገልግሎቶቹ ስንመጣ፣ ወርኃዊ ድጋፍ ለመላክ እንደ ረሚትሊና ወርልድረሚት ያሉት መተግበሪያዎች ይበልጥ ይመቹኛል፤ የሚደርሰውን ብር ከመክፈሌ በፊት በግልጽ ያሳያሉ፣ ገንዘቡም በቀጥታ ባንክ ይገባል። እናቴ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሒሳብ ስላላት የምትፈልገው ይህንኑ ነው፤ መልእክቱ ስልኳ ላይ ሲገባ ሰልፍ ሳትይዝ በሚመቻት ቀን ታወጣለች። በ1000 የሚጀምረውን ባለ 13 አኃዝ የሒሳብ ቁጥር ግን ሁለት ጊዜ ሳላነብ አልልክም። ዌስተርን ዩኒየን፣ መኒግራምና ሪያ ጥንካሬያቸው የወኪሎቻቸው ብዛት ነው። ሒሳብ የሌለው ሰው ታሞ ሆስፒታል ሲገባና ገንዘቡ በዚያው ቀን ሲያስፈልግ፣ የመላኪያውን ቁጥር በስልክ ነግሮ በአቅራቢያው ካለ የባንክ ቅርንጫፍ እንዲወስድ ማድረግን የሚተካ መንገድ አላገኘሁም። ዳሀብሺል በሶማሌ ክልል ቤተሰብ ላላቸው ሰዎች የታወቀ ነው። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው ቴሌብር ለአነስተኛ ገንዘብ፣ በተለይ ባንክ ርቆት ወኪል ለሚቀርበው ሰው፣ ጥሩ አማራጭ ሆኗል። ከአሜሪካ ባንክ በቀጥታ ወደ ኢትዮጵያ ባንክ ማስተላለፍ ግን ለአንድ ጊዜ 40 ዶላር ገደማ ሊያስከፍል ስለሚችልና መሐል ላይ ያሉ ባንኮችም ሊቆርጡበት ስለሚችሉ፣ ቤት ለመግዛት እንደሚላክ ላለ ከፍተኛ ገንዘብ ካልሆነ አያዋጣም።

ከዋጋው ይልቅ ብዙ ሰው የሚያንገላታው የስም አጻጻፍ ነው። የአሜሪካው ቅጽ የራስና የቤተሰብ ስም ብቻ ይጠይቃል፤ የአገር ቤት መታወቂያ ደግሞ ስምን፣ የአባትንና የአያትን ስም ይይዛል። ፀሐይ፣ ጽጌ፣ ቅድስት የመሳሰሉት ስሞች በእንግሊዝኛ ፊደል በብዙ መንገድ ስለሚጻፉ ላኪው የጻፈውና መታወቂያው ላይ ያለው አለመግጠሙ የተለመደ ነው። አክስቴ አንድ ጊዜ ከገጠር ተነስታ ደብረ ታቦር ስትደርስ፣ የባንክ ሠራተኛዋ መታወቂያውንና ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ስም አስተያይታ በአንዲት ፊደል ልዩነት ገንዘቡን ሳትሰጣት ቀረች። እዚያ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ላይ ገና ከጠዋቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ነው፤ የላክሁበት ድርጅት ስልክ ተነስቶ፣ በእንግሊዝኛ ብቻ ከሚናገር ሰው ጋር ተነጋግረን ስሙ እስኪታረም ባንኩ ተዘጋ። አክስቴ ከተማ ማደር ነበረባት። ገንዘቡ ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ መጠንቀቅ ተገቢ ነው፤ ሠራተኛዋም ሥራዋን ነው የሠራችው። ነገር ግን ከኢትዮጵያውያን ይህን ያህል የሚያተርፍ ድርጅት የአያትን ስም የሚቀበል ቅጽና አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ ማቅረብ አያቅተውም። ከዚያ ወዲህ የመታወቂያውን ፎቶ አስልኬ ስሙን ፊደል በፊደል ከእሱ እገለብጣለሁ። ከላክሁ በኋላም የደረሰኙን ፎቶ ለተቀባዩ እልካለሁ እንጂ ቁጥሩን ለሌላ ለማንም አልሰጥም።

በጥቁር ገበያ ስለመላክ የሚጠይቁኝ ብዙዎች ናቸው። ከተመኑ ለውጥ በፊት ልዩነቱ እጥፍ በመሆኑ ፈተናው ከባድ ነበር፤ አሁን ቢጠብም ጨርሶ አልጠፋም። እኔ ግን አልመክርም። ላኪው ደረሰኝ የለውም፣ ገንዘቡ ቢጠፋ አቤት የሚልበት ቦታ የለም። ተቀባይዋ ደግሞ ከማታውቀው ሰው ሒሳብ ብር ሲገባላት ባንኩ ምንጩን ሊጠይቃት ወይም ሒሳቧን ሊያግድባት ይችላል። ዶላሩም እዚሁ ውጭ ይቀራል፤ መድኃኒትና ነዳጅ የሚገዛበት ምንዛሪ አገር ቤት አይገባም።

በሕጋዊው መንገድ የላከ ሰው ግን በአሜሪካ ሕግ ጥበቃ አለው። ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ደንብ አስተላላፊው ከክፍያ በፊት ተመኑን፣ ክፍያውንና የሚደርሰውን ገንዘብ በጽሑፍ እንዲያሳይ ያስገድዳል። ገንዘቡ ገና ካልተወሰደ ወይም ሒሳብ ካልገባ ከከፈሉ በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ መሰረዝ ይቻላል። ስህተት ከተገኘ፣ ለምሳሌ ደረሰኙ ላይ ከተጻፈው ያነሰ ብር ከደረሰ፣ ገንዘቡ ይደርሳል ከተባለበት ቀን አንሥቶ እስከ 180 ቀን ድረስ ማመልከት ይቻላል፤ ድርጅቱም መርምሮ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት። ደረሰኙን ስድስት ወር ማስቀመጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ በሱቅ መስኮት የላከ ሰውም ወረቀቱን ሳይቀበል መውጣት የለበትም።