ለአውሮፕላን ነዳጅ፦ ጎመንዘር ወይስ ሞላሰስ?

ጎጃም ውስጥ ለአውሮፕላን ታዳሽ ነዳጅ ገንዘብ ይውጣ ቢባል ሁለት መንገድ ይታየኛል፦ የገበሬው ጎመንዘርና የጣና በለስ ስኳር ሞላሰስ።

ጎመንዘርን እናቶቻችን ምጣድ ያስሱበታል። የተወቀጠው ፍሬ ትኩስ ምጣድ ላይ ሲታሽ ሽታው ጎረቤት ድረስ ይሄዳል። ከዚሁ ፍሬ የሚጨመቀው ዘይት በሃይድሮጅን ሲጣራ የጄት ነዳጅ ይወጣዋል። በ2012 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ አንድ ጄት ሌላ ነዳጅ ሳይቀላቀልበት በጎመንዘር ነዳጅ በሯል። በ2018 እ.ኤ.አ. የአውስትራሊያው አየር መንገድ ቃንታስ 10 በመቶ ቀላቅሎ ከሎስ አንጀለስ ሜልቦርን ገብቷል። ዘሩ የኛ ደጋ ተወላጅ ሆኖ ሳለ ሌሎች ቀድመውን መሄዳቸው ያንገበግበኛል።

ሞላሰስ አዲስ መሬት አይጠይቅም። የስኳር ተረፈ ምርት ነው፣ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ይገኛል። ችግሩ መንገዱ መርዘሙ ነው። መጀመሪያ ኢታኖል የሚባለው አልኮል ይሆናል፣ ከዚያ ነው ወደ ጄት ነዳጅ የሚቀየረው። ፋብሪካው ውድ ነው። ኢታኖሉ ደግሞ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎም ሊሸጥ ይችላል፤ ያን ሁሉ ወጪ ምን አመጣው?

እኔ ብሆን ገንዘቤን ጎመንዘር ላይ አደርጋለሁ። በምርጥ ዘርና በመጭመቂያ መጀመር ይቻላል። ቡሬ የዘይት ፋብሪካ አለ፣ ሥራው እንግዳ አይደለም። ፋጉሎው በልክ ከተሰጠ ለከብት ይሆናል። ማጣሪያው በኋላ ይምጣ፤ እስከዚያ ዘይቱን መሸጥ ይቻላል።

የጤፍና የበቆሎ መሬት የሚነካ ከሆነ ግን አልስማማም። ገበሬው በፈረቃ የሚዘራው፣ ዋጋው አስቀድሞ በውል የታሰረ መሆን አለበት።