ኤክስፖስ፦ ሀሪኬን ሲመጣ ተራራው የሚጋርደው እስከ የት ነው?

ኤክስፖስ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የሚገኘው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ደን፣ የሃርቫርድ ፎረስት፣ ተመራማሪ ኤመሪ ቡስና ባልደረቦቹ የሠሩት የኮምፒውተር ሞዴል ሲሆን፣ ዛሬ በአር (R) እና በፓይተን (Python) የፕሮግራም ቋንቋዎች ተጽፎ በነፃ ይገኛል። የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ነፋሱ ከዚህ አቅጣጫ ሲመጣ የትኛው መሬት ይጋለጣል፣ የትኛውስ ከተራራ ጀርባ ይጠለላል?

ሞዴሉ የተመሠረተው ነፋስ ሸንተረር ተሻግሮ ሲወርድ ከተወሰነ ማዕዘን በላይ ወደ ታች አይታጠፍም በሚል ግምት ላይ ነው። ማዕዘኑን የሚመርጠው ተጠቃሚው ራሱ ነው፤ ጥንካሬውም ድክመቱም እዚሁ ላይ ነው። 6 ዲግሪ ብንሰጠው፣ ከሜዳው 300 ሜትር ከፍ የሚል ሸንተረር ከጀርባው 2.9 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጋርዳል፤ 12 ዲግሪ ስናደርገው ግን ከለላው ወደ 1.4 ኪሎ ሜትር ያጥራል።

ለሙከራ የመረጥሁት እ.ኤ.አ. በመስከረም 1989 ሀሪኬን ሁጎ ሰሜናዊ ተዳፋቱን ክፉኛ የጎዳውን የፖርቶ ሪኮውን የሉኪዮ ተራራ ነው። ነፋሱ ወደ ደቡብ ይነፍሳል ብዬ በማሰብ 180 ብዬ ስሞላ፣ የወጣው ካርታ ሰሜኑን ተዳፋት የተጠለለ አድርጎ አሳየኝ። ስህተቱ የራሴ ነበር፤ በሜትሮሎጂ ልማድ የነፋስ አቅጣጫ የሚባለው የሚመጣበት ነውና፣ 360 ብዬ ሳስተካክለው የሰሜኑ ገጽ በሙሉ ማለት ይቻላል ተጋላጭ ሆኖ ወጣ። በእርግጥ የሀሪኬን ነፋስ ማዕከሉ ሲያልፍ አቅጣጫውን ስለሚቀያይር አንድ ካርታ የአንድ ቅጽበት ምስል ከመሆን አያልፍም፤ ለዚህም ሲባል ኤክስፖስ የሀሪኬኑን ጉዞ ከሚያሰላው ሁሬኮን ከተባለ ሞዴል ጋር ተጣምሮ፣ የስምንት አቅጣጫዎችን ውጤት በማገናዘብ የጉዳት ግምት መስጠት ይችላል።

ቅር የሚያሰኘው ፍርዱ ሁለት ብቻ መሆኑ ነው፤ መሬቱ ወይ የተጋለጠ ነው፣ ወይ የተጠለለ። ነፋስ በሸንተረር አናት ላይ እንደሚፈጥን፣ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ሲገባም የሸለቆውን አቅጣጫ ይዞ እንደሚጠናከር ሞዴሉ አያውቅም፤ ዛፍና ቤትም ለእርሱ የሉም፣ የሚያየው የመሬቱን ከፍታ ብቻ ነው። ስለዚህ ለደን ጥናትና ለሰፊ አካባቢ የመጀመሪያ ልየታ ያለማመንታት የምመክረውን ያህል፣ ኮረብታ ላይ ለሚሠራ ቤት የጣሪያ ማሰሪያ ለመወሰን ማንም እንዳይጠቀምበት እላለሁ። የነፋሱን ፍጥነት በየቦታው ማወቅ የሚሻ ሰው በአሜሪካ የደን አገልግሎት የሚዙላ ቤተ ሙከራ የተሠራውን ዊንድኒንጃ የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ቢሞክር ይሻለዋል፤ እሱም በነፃ ይገኛል።

እኔ ኤክስፖስን በ3፣ በ6 እና በ12 ዲግሪ ደጋግሜ አስኬደዋለሁ። በ12 ዲግሪ እንኳ ከለላቸውን ያላጡትን ቦታዎች አምናቸዋለሁ፤ ማዕዘኑ በተቀየረ ቁጥር መልካቸው የሚለዋወጠውን ግን ምልክት አድርጌባቸው በእግር ሄዶ ለማየት አቆያቸዋለሁ።