ፋይል ፍለጋ፦ ኤቭሪቲንግ ወይስ ዶክፌቸር?

የፋይሉን ስም ቁራጩንም ቢሆን የምታስታውሱ ከሆነ ኤቭሪቲንግ (Everything) የተባለውን ፕሮግራም ጫኑ። ነፃ ነው፤ የሚሠራው ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው። ፎልደር እየከፈተ አይዞርም፤ ኤንቲኤፍኤስ (NTFS) በሚባለው የዊንዶውስ የፋይል አያያዝ ሥርዓት የተዘጋጀው ዲስክ ራሱ የሚይዘውን የፋይሎች መዝገብ ያነባል። ስለዚህ «ደመወዝ» ብላችሁ ሳትጨርሱ ዝርዝሩ ድቅን ይላል። እኔማ ያለሱ መሥራት ያቅተኛል።

ስሙ ጠፍቶባችሁ ውስጡ ያለ አንድ ቃል ብቻ ትዝ ካላችሁ ግን ዶክፌቸር (DocFetcher) የተባለው ፕሮግራም ይሻላል። ማክና ሊኑክስ ላይም ይሠራል። መጀመሪያ የመረጣችሁትን ፎልደር አንብቦ ማውጫ ያዘጋጃል፤ ፎልደሩ ትልቅ ከሆነ ቡና አፍሉ። ከዚያ የወርድ (Word) ፋይሉንም የፒዲኤፉንም ሆድ ይበረብራል። መልኩ ግን አያምርም።

በአማርኛ ስትፈልጉ ፊደል ተጠንቀቁ። «ሐዋሳ» ተብሎ የተጻፈውን «ሀዋሳ» ብትሉ አያገኝላችሁም። ኤቭሪቲንግ ላይ «ዋሳ» ማለት ይበቃል፤ ዶክፌቸር ላይ ሁለቱንም አጻጻፍ መሞከር ነው።