የእናቴ የስኳር ብልቃጥ ባሩድ ሲሸከም፦ ከ10 ወር በኋላ

አጋዘኑን ያባረረው ተኩሱ አይደለም፤ ክዳኑ ነው። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ።

ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ነው። ገና ጎህ ሲቀድ ቨርጂኒያ ውስጥ ጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ገብቼ አንድ የወደቀ ግንድ ተደግፌ ተቀምጫለሁ። ጭኔ ላይ 50 ካሊበር፣ በአፈሙዙ የሚጎርስ፣ መዶሻው በጎኑ ያለ ነፍጥ። ወደ 60 እርምጃ ላይ ቀንዳም አጋዘን ብቅ አለ። ተኮስኩ። የጥቁር ባሩድ ጭስ እርጥብ እንጨት የነደደበት ማድ ቤት ማለት ነው፤ ለጥቂት ሰከንድ ፊት ለፊት ያለው ሁሉ ይጠፋል። ጭሱ ሲገፈፍ አጋዘኑ እዚያው ቆሟል። ስቼዋለሁ። ጆሮውን አቁሞ ያዳምጣል፤ ድምፁ ከየት እንደመጣ አልገባውም። እንዲህ ያለ ዕድል በዕድሜ ስንቴ ይገኛል? ቀስ ብዬ እጄን ኪሴ ከተትኩ፣ ባሩድ የያዘችውን ብልቃጥ አወጣሁ፣ ክዳኗን በአውራ ጣቴ ገፋ አደረግኋት።

ጧ!

ነጭ ጅራቱን እንደ ባንዲራ ሰቅሎ እብስ አለ። ነፍጥ ያላስበረገገውን እንስሳ አንዲት የፕላስቲክ ክዳን አስበረገገችው። ንዴቱ ነው ይህን ያጻፈኝ፤ ሚዛናዊ ግምገማ የፈለገ ሌላ ዘንድ ይሂድ።

ዕቃው እንዲህ ነው። እናቴ ስኳር አለባት። ጣቷን ወግታ የምትለካባቸው ወረቀቶች 50፣ 50 ሆነው በትንሽ የፕላስቲክ ብልቃጥ ይመጣሉ። ብልቃጧ ከአውራ ጣት ብዙም አትረዝም፤ ክዳኗ ከአንገቷ ጋር የተያያዘ ስለሆነ አይጠፋም፤ ከውስጥ ደግሞ እርጥበት የሚመጥ ሽፋን አላት። እናቴ ወረቀቱ ባለቀ ቁጥር ትጥላታለች። ማርች ላይ አንዷን ከቆሻሻው አንስቼ ሳገላብጣት «ይቺማ ለባሩድ የተሠራች ናት» አልኩ። 10 እስኪሞላ ሰበሰብኩ፣ በአልኮል ወለወልኩ፣ የላያቸውን ጽሑፍ ልጬ ቀይ ቴፕ ጠመጠምኩባቸው፣ ቴፑ ላይ በማይለቅ ማርከር «90» ጻፍኩ። 90 ግሬን ማለት ነው፤ 6 ግራም አይሞላም። ወጪዬ የቴፑ ዋጋ ብቻ።

ለምን አስቀድሞ መመጠን አስፈለገ ለሚል፦ ባሩድ ከሚያዝበት ቀንድ ወይም ከጣሳው በቀጥታ ወደ አፈሙዝ አይፈስስም። ከቀደመው ተኩስ የተረፈ ፍም በርሜሉ ውስጥ ካለ፣ በእጅ የተያዘው ሁሉ አብሮ ይነሣል። የአንድ ተኩስ ልክ ብቻ ከሆነ ጉዳቱም የዚያኑ ያህል ነው። እኔ ያንን ልክ «ጉርሻ» እለዋለሁ፤ ነፍጡ የሚጎርስ ከሆነ የሚጎርሰው ነገር ሌላ ምን ይባላል?

የነፍጥ ዕቃ ሻጩ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «ጌታዬ፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ቱቦ እያለ በሕክምና ዕቃ ምን አስጨነቀዎት? ባሩዱ በአንድ በኩል፣ አረሩ በሌላ በኩል፤ ሦስቱ በአሥራ ምናምን ዶላር።» ገዝቼው ነበር እኮ ወንድሜ! በሁለተኛው ቀን አንደኛው ክዳን ቅጠል ውስጥ ወድቆ ጠፋ፤ እስከ ዛሬ ጫካው ውስጥ ነው። «ፕላስቲክ ሲፋተግ ኤሌክትሪክ ያመጣል፤ ባሩድ ይለኩሳል» ይላል ደግሞ። ከጀርባህ መደርደሪያው ላይ ያለው ምትክ ባሩድ በምን ታሽጎ ነው የመጣው? በፕላስቲክ ዕቃ አይደለም? እኔ የምጠቀምበት ጥቁር ባሩድም ፍሬው ኤሌክትሪክ በሚያሳልፍ ግራፋይት የተለበጠ ነው። ሌላ ምክንያት አምጣ።

ስለ ድምፁ ቢነግረኝ ኖሮ ግን አፌን እዘጋ ነበር። አልነገረኝም፤ የእሱም ቱቦ ድምፅ አለው።

ስለ እርጥበት የማወራው የለኝም። ብልቃጧ የቨርጂኒያን ኦገስት ተቋቁማ አልፋለች፤ ጁን ላይ መዝኜ የከተትኩት ኖቬምበር ላይም ያው 5.8 ግራም ነው፤ ሲፈስም እንደ አዲስ ነው። ይበቃል። ወደ ድምፁ ልመለስ።

ድምፁ አንድ ብቻ አልነበረም። 90 ግሬን ብልቃጧን አይሞላትም፤ ስለዚህ ስራመድ ኪሴ እንደ ጸናጽል ሿ ሿ ይላል። አምስት ብልቃጥ ይዤ ስሄድ ማኅሌት የቆምኩ ነው የሚመስለኝ። ይሄ ቀላል ሆነ፤ አረሩን የምጠቀልልበትን የጨርቅ ቁራጭ ከላይ ስጎሰጉስበት ዝም አለ፣ ጨርቁም ለአረሩ ዝግጁ ሆኖ ተገኘ።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ እግረኛ ወታደር በትከሻው ባጠለቀው ጠፍር ላይ 12 ያህል የእንጨት ብልቃጥ ያንጠለጥል ነበር፤ በእያንዳንዱ አንዳንድ ጉርሻ። ኋላ «አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት» የሚል ስም ወጣላቸው። ዋና ስሞታቸው ምን ነበር? ጫጫታ! ሲራመድ ይንኳኳሉ። ቀጥሎ ጉርሻውን የያዘ የወረቀት ጥቅል መጣ፤ ያ በጥርስ ተቀድዶ ነው የሚፈስሰው። እሱም የራሱን ጣጣ አመጣ፤ በ1857 እ.ኤ.አ. ሕንድ ውስጥ ወታደሮች ወረቀቱ በላምና በአሳማ ሞራ ተቀብቷል ሲባል እርም አንነክስም ብለው ላመፁት አመፅ አንዱ መነሻ እሱ ነበር። እነዚያ ሁሉ ሠራዊቶች የተቸገሩበትን እኔ በእናቴ ቆሻሻ ቅርጫት እፈታዋለሁ ብዬ መነሣቴ፣ ልብ በሉ።

ያን ጠዋት አጋዘኑ ከሄደ በኋላ፣ ብልቃጧን እንደያዝኩ፣ ያሰብኩት ግን ሌላ ነገር ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ አጠገብ አሮጌ በተባለው ሜዳ ላይ የአፄ ቴዎድሮስ ሰው በአፈሙዝ የሚያጎርሰውን ነፍጥ ይዞ ቁልቁል ሲወርድ፣ እንግሊዙ ስናድር የተባለውን ጠመንጃ ከኋላ እያጎረሰ ይጠብቀው ነበር። ስናድሩ በደቂቃ 10 ያህል ሲተኩስ ነፍጡ ቢበዛ 3 ነው። ይሄን ከልጅነቴ ጀምሮ በትምህርት አውቀዋለሁ። ጣቴ በብርድ ደንዝዞ፣ አረሩ ከእጄ ሊያመልጥ ሲል፣ አረሩን የሚገፋው ዘንግ ግማሽ ላይ ሲነክስ ግን ግማሽ ደቂቃ ምን ያህል ርዝመት እንዳለው በሰውነቴ ገባኝ። ፊት ለፊቴ ያለው ደግሞ የማይተኩስ አጋዘን ነው።

እናቴን ሳልነሣ ማለፍ አልችልም። ሴፕቴምበር ላይ ሁለት የተሞሉ ብልቃጦች ከተኩስ ልምምድ መልስ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ረሳሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቀይ ቴፕም «90»ም ለእናቴ ምንም አይሏትም፤ ብልቃጡ የእሷ ነውና። ድፎ ዳቦ አቡክታለች። ከፈተችውና «አንተ ልጅ፣ ጥቁር አዝሙዱን ማነው እዚህ የከተተው?» አለችኝ። ዞር ስል መዳፏ ላይ ዘርግፋ ሊጡ ላይ ልትነሰንስ ነው።

«እማዬ! ባሩድ ነው!»

«በስመ አብ!» አለችና እጇን አራገፈች። ምድጃው አጠገቧ በርቷል። ከዚያ ቀን ወዲህ ባሩድ ያለበት ነገር ሁሉ በቁልፍ ነው፤ ሌላውን ብትረሱ ይሄን አትርሱብኝ። የመድኃኒት ዕቃን ለሌላ ነገር ማዋል ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ለሌለው ነው፣ ወይም ቁልፍ ላለው።

ወደ ክዳኑ። ከኖቬምበሩ ውርደት በኋላ ያልሞከርኩት የለም። መጀመሪያ የክዳኑን ከንፈር በምላጭ ላጥኩት። ጸጥ አለ፤ እሰይ አልኩ። በሦስተኛው ቀን ኪሴ ውስጥ በራሱ ተከፍቶ አንድ ሙሉ ጉርሻ ጃኬቴ ስፌት ውስጥ ገባ። ባለቤቴ ጃኬቱን ከቤት ውጭ እስካጥበው ድረስ አላስገባችኝም፤ እሷ ልክ ናት። ቀጥሎ ቅባት ቀባሁት፤ ይጮሃል፣ ደግሞም ያንሸራትታል። ቀጥሎ በጥርሴ ከፈትኩት፤ ጉንጬ ድምፁን ያፍናል ብዬ። አፈነው፤ ግን ባሩዱን ቀመስኩት። ጨው ጨው ይላል፣ ከዚያ ድኙ ይመጣል፣ ከዚያ ምራቅ ሲተፋ መዋል ነው። የእነዚያን ወታደሮች ነገር በአፌ አረጋገጥኩ።

አንድ ሌላ ጉድለትም አለ፤ የብልቃጧ አፍ ከበርሜሉ አፍ በእጥፍ ይሰፋል። ያለ ማፍሰሻ ከሞከራችሁ ሩቡ መሬት ነው። ትንሽ የነሐስ ማፍሰሻ በክር አንገቴ ላይ አሥሬ ተገላገልኩ።

በመጨረሻ ያገኘሁት መላ ያሳፍራል፤ የወይን ጠርሙስ ቡሽ። በጨለማ ቦታዬ ከደረስኩ በኋላ አንዷን ብልቃጥ ጋቢዬ ውስጥ ደብቄ ጧ አደርጋታለሁ፣ ክዳኗን ወደ ኋላ አጥፌ አፏን ተጠርቦ በተስተካከለ ቡሽ እወትፋለሁ። ቡሽ ሲነቀል ትንፍሽ አይልም። ለአንድ ጠዋት እርጥበትም አያስገባም። «ታዲያ ከመጀመሪያው ሁሉንም በቡሽ አታደርግም ነበር?» ይለኛል ያ ሻጭ። ዝም በል አንተ። ወራት የሚያስቀምጠው ክዳኑ ነው፤ ቡሹ ለጠዋቷ ብቻ ነው።

ዲሴምበር ላይ፣ በነፍጥ በሚታደንበት ኋለኛው ወቅት፣ ያቺን ባለ ቡሽ ብልቃጥ ደረት ኪሴ ይዤ ስጠብቅ አጋዘን መጣ። 40 እርምጃ። ተኮስኩ፣ ጭሱ ተነሣ፣ እጄ ቡሹ ላይ ነው፣ ልቤ ይመታል፤ ጭሱ ሲገለጥ አጋዘኑ ወድቋል። ቡሹ ሳይነቀል ቀረ። ሦስት ሳምንት የደከምኩበት ነገር ይሠራ አይሠራ አላወቅሁም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ትንሽ ከፋኝ፤ እንዲህም ያለ ሰው አለ።

ደግሞ ጾመ ነቢያት ገብቷል። ባለቤቴ በጾም ሥጋ ስታስበልተኝ ዋልክ ብላ አኮረፈች። ሁሉም ተጠቅልሎ ፍሪዘር ገባ፣ እስከ ገና።

ልግዛ፣ ልሥራ ለምትሉኝ፦ በኖቬምበር ብትጠይቁኝ ኖሮ 10ሩንም እዚያው ጫካ ሥር ቅበሯቸው እል ነበር። ዛሬ ገና ነው፣ ጥብሱ ምጣድ ላይ ነው፣ ስለዚህ በሉ ሥሩ። ቡሽ ግን አትርሱ።

እናቴ አሁን ወረቀቱ ሲያልቅባት ብልቃጡን አትጥለውም። ጆሮዋ ሥር ይዛ አንዴ ትከፍተዋለች፣ አንዴ ትዘጋዋለች፣ ከዚያ ታቀብለኛለች።

«ይሄስ?» ትለኛለች።

«እሱም ይጮሃል እማዬ።»