ጃንክ ያርድ፣ ሙሉ አገልግሎት የሚሰጥ ግቢ ወይስ አዲስ ዕቃ? በአሜሪካ ለአሮጌ ቶዮታ መለዋወጫ ለሚገዙ የቀረበ ንጽጽር

አሜሪካ ውስጥ አሥር ወይም አሥራ አምስት ዓመት ያገለገለ ካምሪ፣ ኮሮላ ወይም ፕሪየስ የሚነዳ ሰው አንድ ዕቃ ሲበላሽበት ከአራት ቦታ ሊገዛ ይችላል። የመጀመሪያው ገዢው በገዛ እጁ ፈትቶ የሚያወጣበት ጃንክ ያርድ ነው፤ ሁለተኛው ሠራተኞቹ ፈትተውና ፈትሸው የሚሸጡበት ሙሉ አገልግሎት የሚሰጥ ግቢ ነው፤ ሦስተኛው ሌላ ፋብሪካ የሠራውን አዲስ ዕቃ ወይም ታድሶ የተዘጋጀውን የሚያቀርብ የመለዋወጫ መደብር ሲሆን፣ አራተኛው ኦሪጅናሉን በውድ ዋጋ የሚሸጠው ዲለር ነው። በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ በታክሲና በኡበር ሥራ የሚተዳደሩ ብዙ ወገኖቻችን ይህን ምርጫ በየጊዜው ስለሚያደርጉ፣ እኔም ለራሴ መኪና ለዓመታት ከአራቱም ስለገዛሁ፣ የትኛው ዕቃ ከየት ቢገዛ እንደሚሻል የደረስኩበትን እጽፋለሁ። ዋጋ ከማወዳደር በፊት ሁለት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው ብዬ አምናለሁ፦ ዕቃው በድንገት መሥራት ቢያቆም ምን ጉዳት ይደርሳል? እንደገና ፈትቶ ለመቀየርስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

የአሠራርና የዋስትና ልዩነት

እንደ ፒክ ዩር ፓርት፣ ፒክ ኤን ፑል እና ፑል ኤ ፓርት ያሉ ጃንክ ያርዶች አሠራራቸው ተቀራራቢ ነው። ጥቂት ዶላር የመግቢያ ክፍያ ይጠየቃል፤ መኪኖቹ ቤንዚናቸው፣ ዘይታቸውና የኤሲ ጋዛቸው ከተወገደ በኋላ በተበየዱ ቸርኬዎች ላይ ከፍ ብለው በየረድፉ ይቆማሉ፤ ገዢውም የራሱን መፍቻ ይዞ ይገባል። ዋጋ የሚወጣው በዕቃው ዓይነት እንጂ በመኪናው ሞዴል አይደለም፤ ስለዚህ የኮሮላ በርና የሌክሰስ በር በዝርዝሩ ላይ እኩል ሊሆኑ ይችላሉ። ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነው፤ ዕቃው በዲለር ዘንድ ውድ በሆነ መጠን ጃንክ ያርድ መሄድ ይበልጥ ያዋጣል፣ አዲሱ በመደብር ርካሽ ከሆነ ግን ጉዞው ድካም ብቻ ሆኖ ይቀራል። መርካቶ ሶማሌ ተራ ዕቃ የገዛ ሰው ልዩነቱን ቶሎ ይረዳዋል፤ እዚያ ነጋዴው ዕቃውን አምጥቶ ያቀርባል፣ ዋጋውም በክርክር ይቆረጣል፤ እዚህ ዋጋው አስቀድሞ ተጽፎ ተለጥፏል፣ ፍለጋውና መፍታቱ ግን የገዢው ነው።

ሙሉ አገልግሎት የሚሰጡት ግቢዎች ከጃንክ ያርዱ ይወደዳሉ፤ በምትኩ መኪናው ስንት ማይል እንደተነዳ ይናገራሉ፣ ሞተሩን ሲሠራ ፈትሸው ያወጣሉ፣ ክምችታቸውንም በካር ፓርት ዶት ኮም ላይ ስለሚያስመዘግቡ ከቤት ሳይወጡ የብዙ ግቢዎችን ዋጋ ማወዳደር ይቻላል። ዋስትናቸው ብዙውን ጊዜ የወራት ሲሆን፣ የመካኒክ ክፍያን ግን በአብዛኛው አይጨምርም። በጃንክ ያርድ ዋስትናው የሳምንታት ነው፤ ዕቃው ካልሠራ በሌላ ይቀየራል ወይም በዚያው ግቢ ብቻ የሚያገለግል ክሬዲት ይሰጣል እንጂ ገንዘብ ተመላሽ ማግኘት የተለመደ አይደለም። በዚህ በኩል የሚበልጡት መደብሮቹ ናቸው፤ ታድሰው በሚሸጡ ዲናሞዎችና ሞተሪኖዎች ላይ የዕድሜ ልክ ዋስትና የሚሰጡ አሉ።

ስለ ስም ካነሣን፣ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያደገው ቋንቋችን ከጣልያንኛ የወረሳቸው ቃላት እዚህ ዝርዝር ላይ አይገኙም። ዲናሞ የምንለው አልተርኔተር፣ ሞተሪኖ ስታርተር፣ ስፖኪዮ ሚረር፣ ኮፈኖ ሁድ፣ ፓራፋንጎ ፌንደር፣ ፍሬቻ ተርን ሲግናል፣ ካምቢዮ ደግሞ ትራንስሚሽን ተብለው ተጽፈዋል። ኮር ቻርጅ የሚለውም ቃል ብዙዎችን ያደናግራል፤ አሮጌው ዕቃ ሲመለስ የሚመለስ መያዣ ስለሆነ፣ የተበላሸውን ዲናሞ ይዞ የሄደ ሰው ይህን አይከፍልም።

ጃንክ ያርድ የሚያሸንፍባቸው ዕቃዎች

ስፖኪዮ፣ የበር እጀታ፣ የመስኮት ማንሻ፣ የኋላ መብራት፣ ፓራፋንጎ፣ የወንበርና የክሩስኮት ዕቃዎች፣ እነዚህን ሁሉ ከጃንክ ያርድ መግዛት ትክክል ነው የምለው ሁለቱ ጥያቄዎች ስለማያስፈሩባቸው ነው። ቢበላሹ መኪናው መንገድ ላይ አይቆምም፤ ጤነኛ መሆናቸውም በአብዛኛው በዓይንና በእጅ ይታወቃል። በተጨማሪም በጃንክ ያርድ የሚገኘው በአብዛኛው ፋብሪካው ራሱ የገጠመው ኦሪጅናል ስለሆነ፣ ርካሽ የሌላ ፋብሪካ ስፖኪዮ በፍጥነት መንገድ ላይ የሚያሳየውን መንቀጥቀጥ አያሳይም።

ለምሳሌ ከ2007 እስከ 2011 የተሠራውን ካምሪ እንውሰድ፤ በግቢዎቹ በብዛት ከሚገኙት አንዱ ነው። የቀለሙ ኮድ በሾፌሩ በር ማቀፊያ ላይ ባለው ወረቀት ተጽፏል፤ 040 ነጭ፣ 202 ጥቁር፣ 1ኤፍ7 ደግሞ ብርማ ነው። ኮዱ የሚመሳሰል መኪና ያገኘ ሰው የቀለም ቅብ ወጪን ሙሉ በሙሉ ያስቀራል፤ ይህም ቁጠባ ከዕቃው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ይሁን እንጂ ተመሳሳይ ዓመት ማለት ተመሳሳይ ዕቃ ማለት አይደለም። ካምሪ በአሜሪካም በጃፓንም ይገጣጠም ስለነበር መብራቶቹና ስፖኪዮዎቹ እንደ ተሠሩበት አገር ይለያያሉ፤ የሻሲ ቁጥሩ በ4 የሚጀምረው አሜሪካ፣ በጄ የሚጀምረው ጃፓን የተሠራ ነውና የራስን ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሥቶ መሄድ ይጠቅማል። በ2010 ደግሞ የፊትና የኋላ መልኩ ስለታደሰ የ2008 የኋላ መብራት ከ2011 ጋር አይመሳሰልም። ስፖኪዮውን ለመፍታት ባለ 10 ቡሶላና ካቻቢቴ ይበቃሉ፤ ገመዱን በጥንቃቄ መንቀል እንጂ መቁረጥ አያስፈልግም።

ከዚሁ መኪና ግን አንድ ዕቃ ያለማጣራት እንዳይወሰድ አጥብቄ እመክራለሁ፤ እርሱም በሾፌሩ በር ላይ ያለው ዋናው የመስኮት ማብሪያ ነው። ቶዮታ በጥቅምት 2012 በዓለም ዙሪያ 7.43 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን ለጥገና የጠራው ይህ ማብሪያ ሊግልና እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ነበር፤ ከ2007 እስከ 2009 የተሠሩት ካምሪዎችም ከእነዚህ መካከል ነበሩ። ወደ ጃንክ ያርድ የመጣው መኪና ያ ጥገና እንደተደረገለት በዓይን አይታወቅም። በመስታወቱ ሥር የሚነበበውን ባለ 17 ፊደልና አኃዝ የሻሲ ቁጥር በአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ያልተፈጸመ ጥሪ እንዳለበት ማየት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል።

ዲናሞ፣ ሞተሪኖ፣ ሞተርና ካምቢዮ

ዲናሞና ሞተሪኖ ከሁሉ ይበልጥ የሚያከራክሩ ናቸው። በጃንክ ያርድ ርካሽ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ባትሪው የተነቀለ መኪና ላይ የተገጠመ ዲናሞ ይሥራ አይሥራ ማወቂያ የለም። እኔ ከአንድ ግቢ ያወጣሁት ዲናሞ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላው ባትሪ መሙላት አቆመ፤ ግቢው ሌላ እንድፈታ ቢፈቅድልኝም፣ ሁለት ጊዜ ፈትቼ ሁለት ጊዜ በመግጠም የሁለት ቀን ገቢ አጣሁ። ያጣሁት ገንዘብ ከመደብሩ የታደሰ ዲናሞ የሚያስገዛ ነበር። ስለዚህ በመኪናው የዕለት እንጀራውን የሚያገኝ ሰው ዋስትና ያለውን ከመደብር ይግዛ፤ ሌላ መኪና ያለውና ራሱ መግጠም የሚችል ሰው ደግሞ ጃንክ ያርዱን ሊሞክር ይችላል፤ መውጫው ላይ በነፃ የሚፈትሽ መደብር በአቅራቢያው ካለ በተለይ።

ሞተርና ካምቢዮ ከሆነ ጥርጣሬ የለኝም፤ ከሙሉ አገልግሎት ግቢ ይገዛ። መካኒኩ ለመግጠም የሚያስከፍለው ብዙ ሆኖ ሳለ ያልተፈተሸ ሞተር ማስገጠም አደጋው ከቁጠባው ይበልጣል። ከግቢው ሲገዛም የሞተሩን ዓይነት ማወቅ ያስፈልጋል። ከ2007 እስከ 2009 በነበረው ካምሪ ላይ የተገጠመው ባለ 2.4 ሊትር ሞተር በፒስተን ቀለበቶቹ ምክንያት ዘይት በመብላት ይታወቃል፤ ቶዮታ ራሱ ለዚህ ችግር ዋስትናውን አራዝሞ ነበር። ስለዚህ ዘይት የሚበላን ሞተር በዚያው ዓይነት ባገለገለ ሞተር መተካት ችግሩን መልሶ መግዛት ሊሆን ይችላል። በ2010 የተተካው ባለ 2.5 ሊትሩ ሞተር ሌላ ዓይነት ነውና በቀጥታ አይገጥምም። ከ2013 እስከ 2016 የተሠራ የኒሳን አልቲማ ያለው ሰውም ስለ ሲቪቲ (ማርሽ በደረጃ ሳይለውጥ በቀበቶ የሚሠራ) ካምቢዮው ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያድርግ።

ያገለገለ የማይገዛ

የፍሬን ሸራ፣ ካንዴላ፣ ቺንጊያና የመሳሰሉት የሚያልቁ ዕቃዎች አዲሳቸው ርካሽ ስለሆነ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም። ጎማም ቢሆን በጎኑ ላይ ከታተሙት አራት አኃዞች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ስለሚናገሩ፣ ጥርሱ ወፍራም ሆኖ ዕድሜው ያለፈ ጎማ እንዳይሸጥልን ማንበብ ይበጃል።

ኤርባግ ግን የተለየ ነው። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ከሠራቸው ኤርባጎች በአሜሪካ 67 ሚሊዮን ያህሉ እንዲቀየሩ ተጠርተዋል፤ በውስጣቸው ያለው አሞኒየም ናይትሬት በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ባሕርይው ሲለወጥ፣ ሲፈነዳ ብረት እየበታተነ ሰዎችን ገድሏል። ገንዘብ ለማትረፍ ብለው ልጆቻቸውና ደንበኞቻቸው በሚሳፈሩበት መኪና ላይ ያገለገለ ኤርባግ እንዳያስገጥሙ ወገኖቼን እለምናለሁ። በቤንዚንና በኤሌክትሪክ የሚሠራው የፕሪየስ ትልቁ ባትሪም እንዲሁ ነው፤ የሁለተኛውና የሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ ባትሪ 28 ክፍሎች ያሉት ሲሆን ኃይሉ 201.6 ቮልት ስለሆነ፣ ያልሠለጠነ እጅ ይህን ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያስተላልፈውን ብርቱካናማ ገመድ ሊነካ አይገባም። ባትሪው ላረጀበት ሰው ዋስትና የሚሰጥ የባትሪ ባለሙያ መፈለግ ይሻላል።

ወደ ጃንክ ያርድ ለመሄድ የወሰነ ሰው ጣቶችን የሚሸፍን ጫማና ጓንት ያድርግ፤ ክሪክና የጋዝ መቁረጫ በአብዛኛው ስለማይፈቀዱ አይያዝ፤ ከመኪናው ሥር ከመግባቱ በፊትም ቸርኬዎቹ ላይ በደንብ መቀመጡን ያረጋግጥ። በአሜሪካ በዓላት ሰሞን የግማሽ ዋጋ ቀን የሚያውጁ ግቢዎች ስላሉ፣ የማያስቸኩል ዕቃ እስከዚያ ቢቆይ ይጠቅማል፤ መኪኖቹ ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደ መጭመቂያ ስለሚሄዱ ዛሬ ያዩትን ስፖኪዮ በሚቀጥለው ወር አያገኙትም። ሲወጡ ደረሰኙን ያስቀምጡ፣ ዕቃውንም በዚያው ሳምንት ይግጠሙ፤ ገንዘብ ተቀባዩ በቀለም ያደረገበት ምልክት ከጠፋ ዋስትናው ሊቀር ስለሚችል፣ ዕቃው መሥራቱ እስኪረጋገጥ ድረስ አይጥረጉት።