ዲስኩ እየሞላ ለሚያስቸግር የቤት ኮምፒውተር፦ ማጽጃ ፕሮግራም፣ ተጨማሪ ዲስክ ወይስ ክላውድ?

የቤት ኮምፒውተር ዲስክ ሞልቶ የሲ ድራይቭ መስመር ወደ ቀይ ሲለወጥ፣ አብዛኛው ሰው ጥቂት ፊልሞችን አጥፍቶ ለጊዜው ይገላገላል፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ቦታው ተመልሶ ይሞላና ገንዘብ ማውጣት የግድ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ለገዢ የሚቀርቡት አማራጮች ዓይነታቸውም ዋጋቸውም እጅግ የተራራቀ ነው፤ የማጽጃ ፕሮግራም ፈቃድ፣ ፍላሽ፣ ኤክስተርናል (ከውጭ የሚሰካ) ሃርድ ዲስክ፣ ኤክስተርናል ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ)፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚገጠም አዲስ ኤስኤስዲ፣ ወይም በየወሩ የሚከፈልበት ክላውድ (በኢንተርኔት የሚደረስበት ማከማቻ)። ሁሉም «ቦታ ይሰጣሉ» ተብለው ይሸጡ እንጂ የሚፈቱት ችግር አንድ አይደለም። የዚህ ጸሐፊ አቋም ከወዲሁ ይታወቅ፤ እያደገ የሚሄደው ዊንዶውሱና ፕሮግራሙ ከሆነ የውስጡን ዲስክ መለወጥ፣ እያደገ የሚሄደው የቤተሰቡ ፎቶና ቪዲዮ ከሆነ ደግሞ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ መግዛት ይሻላል፤ ለማጽጃ ፕሮግራም መክፈል ግን በየትኛውም ሁኔታ አይመከርም።

ዲስኩን ምን ሞላው?

ይህን ሳያውቁ ሱቅ መሄድ የማይሆን ዕቃ ያስገዛል። ዊንዶውስ ራሱ በሴቲንግስ ውስጥ «ስቶሬጅ» በሚለው ገጽ ላይ ፕሮግራሞች፣ ጊዜያዊ ፋይሎችና ዶክመንቶች የያዙትን መጠን በጥቅሉ ያሳያል፤ ሆኖም የትኛው ፎልደር ውስጥ ምን እንደተከማቸ በዝርዝር ለማየት የተለየ መሣሪያ ይሻላል። ዊዝትሪ የተባለው ፕሮግራም ዲስኩ ስለ ፋይሎች የያዘውን ማውጫ በቀጥታ ስለሚያነብ፣ ብዙ መቶ ሺህ ፋይሎች ያሉበትን ዲስክ እንኳ በሰከንዶች ውስጥ ዘርዝሮ ይጨርሳል፤ ለግል አገልግሎትም ነጻ ነው። ትሪሳይዝ ፍሪ ፎልደሮቹን በመጠናቸው ቅደም ተከተል ስለሚደረድር ለጀማሪ የበለጠ ይገባል። ዊንዲርስታት ደግሞ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ፋይሎቹን በቀለማት ሳጥኖች የሚያሳይ የቆየ ፕሮግራም ነው። ከሦስቱ አንዱን መምረጥ ካስፈለገ ለፍጥነቱ ሲባል ዊዝትሪ ይበልጣል፤ ለሦስቱም ግን የሚከፈል ነገር የለም።

በዚህ ምርመራ ደጋግመው የሚገኙት ጥፋተኞች የታወቁ ናቸው። በእኛ አገር ቤቶች ውስጥ ከሁሉም በፊት የሚመጣው ቴሌግራም ነው፤ ፊልሙ፣ ስብከቱ፣ የትምህርት ቪዲዮውና የመጽሐፍ ፒዲኤፉ ሁሉ በዚያ ስለሚወርድ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ፤ በቴሌግራም ሴቲንግስ ውስጥ ካሹን ማጽዳት ጊዜያዊውን ክምችት ብቻ ያጠፋል እንጂ፣ በዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» በሚለው ፎልደር የተቀመጡትን ፋይሎች አይነካም። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል፤ ፋይሎች ሳይጠየቁ በራሳቸው የሚወርዱበትንም ምርጫ ማጥፋት ይገባል፤ ይህ ካልተደረገ ክምችቱ በአዲስ ዲስክ ላይም እንደ ድሮው ይቀጥላል።

ከዊንዶውስ ወገን ደግሞ ሁለት ትላልቅ ቦታ ያዦች አሉ። አንደኛው ለሃይበርኔሽን፣ ማለትም የተከፈተውን ሥራ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ኮምፒውተሩን ለማጥፋት፣ የሚጠበቀው ፋይል ሲሆን፣ በተለመደው አሠራር የራሙን (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ የሥራ ማኅደረ ትውስታ) 40 በመቶ ያህል ይይዛል፤ 16 ጊጋ ባይት ራም ባለው ኮምፒውተር ላይ ከ6 ጊጋ ባይት በላይ መሆኑ ነው። ሃይበርኔሽንን በማጥፋት ይህን ቦታ ማስመለስ ይቻላል፤ ነገር ግን የኮምፒውተሩ ፈጣን አነሳስም በዚሁ ፋይል ላይ ስለሚመሠረት አብሮ ይቀራል። ሁለተኛው ከትልቅ ማሻሻያ በኋላ የሚቀረው የድሮው ዊንዶውስ ቅጂ ነው፤ ይህ ብዙውን ጊዜ ከ10 ቀን በኋላ በራሱ ስለሚጠፋ፣ ማሻሻያው በተደረገ ማግስት ዲስክ ለመግዛት መሮጥ አያስፈልግም።

የሚከፈልባቸው ማጽጃዎችና ዊንዶውስ የያዘው

ዊንዶውስ ከ1998 ጀምሮ ዲስክ ክሊንአፕን፣ ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ስቶሬጅ ሴንስን ይዟል። የመጀመሪያው በእጅ የሚሠራ ሲሆን፣ ሁለተኛው ጊዜያዊ ፋይሎችንና በሪሳይክል ቢን ውስጥ የቆዩትን በራሱ ጊዜ እየጠበቀ ያጠፋል። በስቶሬጅ ሴንስ ውስጥ የዳውንሎድስ ፎልደርን በተመለከተ የሚሰጠውን ምርጫ ግን «በጭራሽ» በሚለው ላይ እንዲቆይ ማድረግ ይሻላል፤ አለዚያ ለወራት ያልተከፈተ ጠቃሚ ፋይል አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

እንደ ሲክሊነር ያሉ የሚሸጡ ማጽጃዎች ከዚህ በላይ የሚያስመልሱት ቦታ እምብዛም ነው። የብሮውዘር ካሽን ያጸዳሉ፤ እሱ ግን ብሮውዘሩ እንደተከፈተ መልሶ ይሞላል። ሬጂስትሪን (ዊንዶውስ የራሱንና የፕሮግራሞችን ቅንብር የሚመዘግብበትን ማኅደር) ማጽዳት የሚባለው አገልግሎት ለዲስክ ቦታ የሚያስገኘው ጥቅም ከቁጥር የማይገባ ሲሆን፣ ማይክሮሶፍትም ሬጂስትሪ ማጽጃዎችን አይደግፍም። ከዚህ ሌላ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ፕሮግራም ወደ ኮምፒውተሩ ጥልቅ ክፍል እንዲገባ ፈቃድ መስጠት አደጋ አለው፤ በ2017 የሲክሊነር 5.33 እትም ከራሱ ከአምራቹ ማውረጃ ጎጂ ኮድ ተሰግስጎበት ለብዙ ተጠቃሚዎች መድረሱ ይታወሳል። ተጨማሪ ማጽጃ የግድ ካስፈለገ ኮዱ ክፍት የሆነው ብሊችቢት በነጻ አለ።

ፍላሽ፣ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክና ኤክስተርናል ኤስኤስዲ

ዋጋን ለማነጻጸር ቀላሉ መንገድ የዕቃውን ዋጋ ለጊጋ ባይቱ ማካፈል ነው፤ የብሩ ዋጋ በምንዛሪው መጠን የሚለዋወጥ ቢሆንም ደረጃው አይለወጥም። በዚህ መለኪያ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ከሁሉም ይረክሳል፤ በተለይ ከ1 ቴራ ባይት በላይ ሲሆን ልዩነቱ ይሰፋል።

በፍጥነት ረገድ ነገሩ ይገለበጣል። 200 ጊጋ ባይት የሚሆን የፎቶና የቪዲዮ ክምችት ለማዛወር፣ በሰከንድ 110 ሜጋ ባይት የሚጽፍ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲወስድ፣ በሰከንድ 450 ሜጋ ባይት የሚጽፍ ኤስኤስዲ ከ8 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል። ሁለቱንም ግን በአሮጌው ዩኤስቢ 2 ቀዳዳ ላይ ከሰካናቸው ፍጥነታቸው በሰከንድ ወደ 35 ሜጋ ባይት ወርዶ፣ ሥራው ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ከሌለው፣ ውስጡ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ቀለም ያለውን ማለት ነው፣ ለኤክስተርናል ኤስኤስዲ ተጨማሪ መክፈል ትርጉም የለውም።

ደኅንነትን በሚመለከት ሁለቱም የየራሳቸው ድክመት አላቸው። ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህንና በላዩ የሚንሳፈፍ ማንበቢያ ስላለው እየሠራ ሳለ ከጠረጴዛ ላይ ቢወድቅ ሊበላሽ ይችላል፤ ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ኤስኤስዲ መውደቅን ይችላል፤ ነገር ግን መረጃውን የሚይዘው በኤሌክትሪክ ሙል ስለሆነ፣ ብዙ አገልግሎ ያረጀ ኤስኤስዲ ያለ ኃይል ለረጅም ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ መረጃው ሊሳሳ ይችላል። ፎቶዎችን ገልብጦ ለዓመታት ቁም ሳጥን ውስጥ ለማስቀመጥ እንግዲህ ርካሹ ሃርድ ዲስክ የተሻለው ምርጫ ሆኖ ይገኛል፤ ውዱ ኤስኤስዲ የሚያዋጣው በየቀኑ እየተሰካ ቪዲዮ ለሚቀናበርበት ሥራ ነው።

መብራት የሚጠፋበት አካባቢ ለሚኖር ሰው አንድ ተጨማሪ ማነጻጸሪያ አለ። ባለ 2.5 ኢንች የኪስ ሃርድ ዲስክ ኃይሉን ከዩኤስቢው ስለሚወስድ በላፕቶፕ ባትሪ ይሠራል፤ ባለ 3.5 ኢንቹ ግን የራሱን አዳፕተር ከግድግዳ መሰካት ይፈልጋል፤ መብራት በጽሕፈት መሃል ሲቋረጥበት ፋይሎችን ሊያበላሽ ይችላል። ትልቁ በጊጋ ባይት ረከስ ቢልም ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) መግዛቱ አያጽናናም።

ፍላሽ ለማመላለሻ እንጂ ለማከማቻ አይሆንም፤ ርካሾቹ ቶሎ ይበላሻሉ፣ ይጠፋሉም።

የውስጡን ዲስክ መለወጥ

ኮምፒውተሩ 128 ወይም 256 ጊጋ ባይት ዲስክ ብቻ ያለው ከሆነ፣ ከኤክስተርናል ዲስክ ጋር ዕድሜ ልክ ከመመላለስ የውስጡን በ512 ጊጋ ባይት ወይም በ1 ቴራ ባይት ኤስኤስዲ መለወጥ ይሻላል። ዊንዶውስ 11 ለመጫን ብቻ ቢያንስ 64 ጊጋ ባይት ዲስክ እንደሚጠይቅና ኤስኤስዲም ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው ቦታ ክፍት ቢተውለት እንደሚመረጥ ስናስብ፣ ከ128ቱ ለባለቤቱ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ኮምፒውተሩ እስከ አሁን በሃርድ ዲስክ የሚሠራ ከሆነማ ለውጡ ቦታ ከመጨመር አልፎ ማሽኑን እጅግ ያፈጥነዋል፤ በዚህ ጽሑፍ ከተነሡት ወጪዎች ሁሉ ባለቤቱ ልዩነቱን በየዕለቱ የሚያየው በዚህ ነው።

ከመግዛት በፊት የሚጣራው የዲስኩ ዓይነት ነው። የቆዩ ላፕቶፖች ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ ይወስዳሉ፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 550 ሜጋ ባይት ገደማ ላይ ያበቃል። አዲሶቹ እንደ ማስቲካ ቀጭንና ረጅም የሆነውን ኤም ዶት 2 ይወስዳሉ፤ ነገር ግን በዚህ ቅርጽ የሚሸጡት በማገናኛ ዘዴያቸው ሁለት ናቸው፣ ሳታና ኤንቪኤምኢ፤ ቢመሳሰሉም አንዱ በሌላው ቦታ ላይሠራ ይችላል። የላፕቶፑን ሞዴል ቁጥር ይዞ የሚቀበለውን ዓይነት አስቀድሞ ማረጋገጥ ከሱቅ ምልልስ ያድናል። ኤንቪኤምኢ በሰከንድ 3,500 ሜጋ ባይትና ከዚያም በላይ ቢያነብም፣ ለደብዳቤ፣ ለኢንተርኔትና ለፊልም የሚሆን ኮምፒውተር ላይ ከሳታው ያለው ልዩነት በዓይን ብዙም አይታይም፤ ስለዚህ ሁለቱንም የሚቀበል ማሽን ያለው ሰው ከፍጥነቱ ይልቅ ለጊጋ ባይቱ ቢከፍል ይጠቀማል። አንዳንድ ርካሽ ላፕቶፖች ግን ማከማቻቸው ኢኤምኤምሲ የተባለ፣ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፤ እነዚህን መለወጥ አይቻልም፤ ባለቤታቸው ወደ ኤክስተርናል መመለስ ይኖርበታል።

ለለውጡ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ወይም የድሮውን ዲስክ እንዳለ መገልበጥ ይቻላል። መገልበጡ ነጻ በሆነው ክሎንዚላ ይሠራል፤ ከሥራው በኋላ ግን አዲሱ 1 ቴራ ባይት ዲስክ ላይ ሲ ድራይቩ የድሮውን 238 ጊጋ ባይት ብቻ ይዞ ሊቀርና፣ ከጎኑ ያለው የሪከቨሪ (ዊንዶውስን የመጠገኛ) ክፍል ሲ ድራይቩ እንዳይሰፋ ሊከለክለው ስለሚችል፣ ጥገና ቤት የሚያሠራ ሰው ዕቃውን ከመረከቡ በፊት ይህን ማየት አለበት። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ዲስኩን በሚስጥር ቁልፍ በሚዘጋው የዊንዶውስ ቢትሎከር ስለተቆለፉ የማስከፈቻ ቁልፉንም አስቀድሞ ከማይክሮሶፍት አካውንት አውጥቶ መያዝ ይገባል። የዊንዶውስ ፈቃዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ ዲጂታል ፈቃድ ከሆነ ዲስክ በመለወጥ አይጠፋም፤ «አዲስ ፈቃድ ያስፈልጋል» ብሎ የሚያስከፍል ጠጋኝ ሲያጋጥም ይህን ማስታወስ ይጠቅማል። የወጣው አሮጌ ዲስክም በርካሽ የዩኤስቢ ኬዝ ውስጥ ገብቶ ኤክስተርናል ይሆናል፤ በአንድ ወጪ ሁለት ዲስክ ማግኘት ማለት ነው።

ክላውድ

ጉግል 15 ጊጋ ባይት፣ የማይክሮሶፍቱ ዋንድራይቭና የአፕሉ አይክላውድ ደግሞ 5 ጊጋ ባይት በነጻ ይሰጣሉ። ከዚያ በላይ ሲሆን ጉግል በአሜሪካ ለ100 ጊጋ ባይት በወር 1.99 ዶላር ያስከፍላል፤ በ5 ዓመት 119 ዶላር ገደማ ይሆናል፤ በዚህ ገንዘብ የአሥር እጥፍ መጠን ያለው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይገዛል። ክፍያው የውጭ ምንዛሪ ካርድ መጠየቁና ፋይል የመጫኛ ፍጥነት ማነሱ ሲታከልበት፣ አገር ቤት ላለ ተጠቃሚ ሚዛኑ ይበልጥ ያጋድላል። በሰከንድ 5 ሜጋ ቢት በሚጭን መስመር 100 ጊጋ ባይት ለመጫን ከ44 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ያውም ሳይቋረጥ። ፈጣን መስመር ባለበት አገር ለሚኖር ዘመድ ግን ይህ ስሌት አይሠራም፤ ለእሱ ክላውድ ምቹ ነው።

ክላውድ ከሁሉ የሚበልጥበት ነገር ቢኖር ቤት በሌባ ወይም በእሳት ቢጎዳ እንኳ ፋይሉን ማዳኑ ነው። ስለዚህ የልደት የምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃና የተመረጡ ፎቶዎች በነጻው 15 ጊጋ ባይት ውስጥ ቢቀመጡ ምንም ሳይከፈል ትልቁ ጥቅም ይገኛል። ይሁንና ከኮምፒውተሩ ጋር የተናበበ ፎልደር ውስጥ ያለ ፋይል ከአንዱ ቦታ ሲጠፋ ከሌላውም እንደሚጠፋ መረሳት የለበትም። በዋንድራይቭ ቦታ ማስለቀቅ የሚፈልግ ሰው ፋይሉን ማጥፋት ሳይሆን፣ በላዩ ላይ «ቦታ አስለቅቅ» የሚለውን ትእዛዝ መምረጥ አለበት።

ሱቁ ውስጥ

በገበያው ላይ መጠናቸው የውሸት የሆኑ ፍላሾችና ኤስኤስዲዎች ይሸጣሉ። ዕቃው ሲሰካ 2 ቴራ ባይት ብሎ ያሳያል፤ ውስጡ ግን ምናልባት 64 ጊጋ ባይት ብቻ ስላለ ከዚያ ያለፈው ፋይል ሁሉ የተቀመጠ መስሎ ይጠፋል። ዋጋው ከታወቁ አምራቾች ተመሳሳይ ዕቃ በብዙ የሚያንስ ከሆነ ይህን መጠርጠር ይገባል። ማረጋገጫው ዲስኩን እስከ ጫፉ ሞልቶ መልሶ የሚያነበው ኤች2ቴስትደብሊው የተባለ ነጻ ፕሮግራም ነው፤ ለትልቅ ዲስክ ሰዓታት ስለሚወስድ ሱቁ ውስጥ አይጨረስም፤ ስለዚህ ሻጩ ዕቃውን በጥቂት ቀናት ውስጥ መልሶ እንደሚቀበል ደረሰኙ ላይ ማስጻፍ ያስፈልጋል። በአንጻሩ 1 ቴራ ባይት የተባለው ዲስክ 931 ጊጋ ባይት ቢያሳይ ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ አምራቹ በ1,000 ዊንዶውስ ደግሞ በ1,024 ስለሚቆጥሩ የመጣ ልዩነት ነው። አዲሱ ዕቃ በፋት32 (ፋይሎች ዲስክ ላይ ከሚደራጁባቸው ዘዴዎች አንዱ በሆነው) የተዘጋጀ ሆኖ ከ4 ጊጋ ባይት በላይ የሆነ ፊልም አልቀበልም ካለም ጉድለት አይደለም፤ በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ ከሆነ በኤንቲኤፍኤስ፣ ከማክ ጋርም የሚጋራ ከሆነ በኤክስፋት ፎርማት ማድረግ ይበቃዋል፤ ይህም ፋይል ከመገልበጡ በፊት ይደረግ።