ሰም፣ ሲላንት ወይስ ሴራሚክ? የመኪና ቀለም ቤት ውስጥ ለምትንከባከቡ

«ሴራሚክ ልግዛ ወይስ ሰም ይበቃኛል?» ጓደኞቼ ይህን በየተራ ይጠይቁኛል። መኪናዬን ራሴ እንደማጥብ፣ ፖሊሽም ራሴ እንደማደርግ ያውቃሉ። እስካሁን ለእያንዳንዱ በስልክ ሳስረዳ ቆይቻለሁ። አሁን ግን ሁሉም እንዲያነበው አንዴ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ሦስቱም ቀለሙን ለመጠበቅ ከላይ የሚቀቡ ናቸው፦ ሰሙን ታውቁታላችሁ፣ ሲላንት ሰው ሠራሽ የሆነ ተመሳሳዩ ነው፣ ሴራሚክ ደግሞ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ የሚጠነክር ፈሳሽ ነው። መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። መኪናውን በራሱ እጅ ለሚንከባከብ ሰው የሚያዋጣው ሲላንት ነው። ሰም ደስ ይላል፤ ግን ቶሎ ይለቃል። ሴራሚክ ጥሩ ነገር ነው፤ ዋጋው ግን ጠርሙሱን ስትገዙ የምትከፍሉት ብቻ አይደለም። ይህን የተማርኩት ከኪሴ ከፍዬ ነው።

ያኔ የገዛሁት ሴራሚክ 30 ሚሊ ሊትር የምትይዝ ትንሽ ጠርሙስ ነበረች። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «9ኤች» ይላል። መኪናዬ ጥቁር ናት። አጠብኳት፣ አደረቅኳት፣ መቀባት ጀመርኩ። ሴራሚክ ከተቀባ በኋላ የሚታገሳችሁ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። እሱ ሳያልፍ ትርፉ ተጠርጎ መነሳት አለበት። እኔ ኮፈኑን ሙሉውን ቀብቼ ነው መጥረግ የጀመርኩት። መሃሉ ጋ ስደርስ ይዞ ነበር። ማታ ስለነበር አልታየኝም። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ኮፈኑ ዘይት እንደፈሰሰበት ዥንጉርጉር ሆኖ አገኘሁት።

በጨርቅ አሸሁት። በሻምፖ አጠብኩት። ንቅንቅ አላለም። አንዴ የደረቀ ሴራሚክ በፖሊሽ ካልተፋቀ አይለቅም። ስለዚህ ፖሊሽ ማሽን ተዋስኩ፤ ያንን በአንድ ዘንግ ላይ በኃይል የሚሽከረከረውን። የኮፈኑ እጥፋት ጠርዝ ላይ ትንሽ ቆየሁ። ትንሽ ስላችሁ ጥቂት ሰከንድ ማለቴ ነው። ማሽኑን ሳነሳ ክሊሩ፣ ማለትም ከቀለሙ በላይ ያለው ግልጽ ሽፋን፣ ተበልቶ የታችኛው ቀለም ወጥቷል።

ኮፈኑ ሙሉ በሙሉ እንደገና ተቀባ። ለዚያ ሥራ የከፈልኩት የሴራሚኩን ዋጋ ብቻ ሳይሆን እስከዚያ ቀን የገዛሁትን ሰም፣ ሻምፖና ጨርቅ በሙሉ ደምራችሁት እንኳ ይበልጣል።

ለምን እንዲህ ሆነ? የብዙ መኪና ክሊር ውፍረቱ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ነው። አንድ የራስ ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ ነው። እንግዲህ መኪናችሁን የሚያብረቀርቀው ነገር ከፀጉር የቀጠነ ነው። ጠርዝና እጥፋት ላይ ደግሞ ቀለም ሲረጭ ስለሚሸሽ የባሰ ይሳሳል። ፖሊሽ ማለት ጭረቱ እስኪጠፋ ድረስ ዙሪያውን መፋቅ ነው። እንደ ሳሙና፣ በተፈተገ ቁጥር ያልቃል። ፋብሪካ የቀባው ክሊር ካለቀ የሚመለሰው በቀለም ቀቢ እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ የትኛውንም ምርት ስገዛ መጀመሪያ የምጠይቀው «ይሄ ነገር ቢበላሽብኝ ለማስለቀቅ ምን ያስፈልገኛል?» ብዬ ነው። ሰምና ሲላንት ሳትጠርጉት ከቆየ ያስቸግራል እንጂ ቀለማችሁን አያስከፍላችሁም። ትንሽ ጨምራችሁበት ስትጠርጉት ይለቃል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። በገንዘብ ስም አልጠራውም፤ ዋጋው በየቦታው ይለያያል። መቁጠሪያው ግን የትም አንድ ነው፦ አንድ ዕቃ ስንት ጊዜ ያስቀባል? አንዱ ቅብ ስንት ወር ይቆያል?

እኔ የምጠቀምበት ሲላንት ጠርሙሱ 473 ሚሊ ሊትር ነው። መካከለኛ መኪና ላይ በስሱ ስቀባ 25 ሚሊ ሊትር ይበቃኛል። ስለዚህ ወደ 19 ጊዜ ያስቀባኛል። ጥሩ ሲላንት ከ4 እስከ 6 ወር ይቆያል። እኔ ግን በየ3 ወሩ እቀባለሁ። እንደዚያም ሆኖ አንድ ጠርሙስ ከ4 ዓመት በላይ ይዞኛል። ዋጋውን ለ19 አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር የአንድ ቅብ ዋጋ ነው።

ሰሙን እንይ። 200 ግራም ቆርቆሮ ገዛችሁ እንበል። በአንድ ቅብ 15 ግራም ቢሄድ 13 ጊዜ ነው። ሰም ግን ፀሐይና እጥበት ስለሚበዛበት በ6 ወይም በ8 ሳምንት ይደክማል። ስለዚህ በዓመት 7 ጊዜ መቀባት አለባችሁ። ቆርቆሮው 2 ዓመት አይሞላም። ጉልበታችሁንም ቁጠሩት። እኔ በሲላንት በዓመት 4 ቅዳሜ እሠራለሁ። በሰም ሲሆን 7 ቅዳሜ ይሄድብኛል።

የሴራሚኩ ሒሳብ ግን ረጅም ነው። ጠርሙሱ ለአንድ መኪና ነው። የተረፈውን ለሌላ ጊዜ አስቀምጣለሁ ካላችሁ ዋ! አንዴ ከተከፈተ ከአየር እርጥበት ጋር እየተገናኘ ይደርቃል። የጠረጋችሁበት ጨርቅ ስለሚደርቅ ይጣላል። 5 ወይም 6 ጨርቅ በሉት። ሴራሚክ ከሥሩ ያለውን ጭረት ስለማይሸፍን፣ እንዲያውም አጉልቶ ስለሚያሳየው፣ ከመቀባቱ በፊት ፖሊሽ የግድ ነው። ለዚያ ማሽን፣ ፓድ (ማሽኑ ላይ የሚገጠመው ስፖንጅ) እና የፖሊሽ ቅባት ያስፈልጋል። ከዚያ የፖሊሹን ዘይት ለማንሳት በውሃ የቀጠነ አልኮል። ከዚያ ውሃ የማይነካት፣ አቧራ የማይገባበት ጣሪያ ሥር ቢያንስ አንድ ሌሊት። ብዙዎቹ ለ7 ቀን በሻምፖ አትጠቡ ይላሉ። ይህን ሁሉ ደምራችሁ ከ1 እስከ 3 ዓመት ለሚቆይበት ዕድሜ አካፍሉት። በሰው እጅ የሚያሠሩት ሰዎች ብዙ ገንዘብ የሚጠየቁት በጠርሙሱ ምክንያት አይደለም። የሚከፍሉት ለፖሊሹ ሥራ ነው።

«9ኤች» የሚለውም ብዙ ሰው ያሳስታል። ጓደኛዬ «አሸዋ አይጭረውም» ብሎ ገዝቶ ነበር። 9ኤች የእርሳስ ጥንካሬ ነው። ጥንካሬው እየጨመረ የሚሄድ እርሳስ በቀለሙ ላይ እየተገፋ፣ ይጭራል ወይስ አይጭርም ተብሎ የሚደረግ ሙከራ አለ። 9ኤች በዚያ መለኪያ የመጨረሻው ጠንካራ እርሳስ ነው። አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ግን ከየትኛውም እርሳስ ይጠነክራል። ሴራሚክ ተቀብታችሁ በቆሸሸ ስፖንጅ ብታሹት መጫሩ አይቀርም። ሴራሚክ የሚሰጣችሁ ሌላ ነገር ነው፦ ቆሻሻው በቀላሉ ይታጠባል፣ ለኬሚካል ይጠነክራል፣ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ይህን አልክድም።

ፎርጅዱም የበዛው ሴራሚክ ላይ ነው። ጠርሙሱ ትንሽ፣ ዋጋው ትልቅ፣ ውስጡ አይታይ። ያ ጓደኛዬ የቀባው ላይ ውሃው በ3ኛው እጥበት መንከባለሉን አቆመ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ እናደርጋለን፦ ከጠርሙሱ ሁለት ጠብታ መስታወት ላይ አድርገን እስከ ማግስቱ እንተወዋለን። እውነተኛው ደርቆ ጠንካራ ቅርፊት ይተዋል። በጥፍር ስትነኩት እንደ ብርጭቆ ስባሪ ይሆናል። ዘይት ሆኖ ካደረ መኪናችሁን አታስነኩት። ካርቶኑ ላይ የምርት ቁጥር ከሌለ፣ ክዳኑ ከፋብሪካ ያልታሸገ ከሆነ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት መልሱት።

ሰም ላይ ያለው ማታለያ ሌላ ነው። «መቶ በመቶ ካርናውባ» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ፤ ለዚያም ዋጋው ይቆለላል። ካርናውባ ከሰሜን ምሥራቅ ብራዚል የሚመጣ የዘንባባ ቅጠል ሰም ነው። የሚቀልጠው ከ82 እስከ 86 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነው። ብቻውን ድንጋይ ነው፤ በእጅ አይቀባም። ቆርቆሮው ውስጥ የሚለሰልሰው ዘይት፣ ማሟሟያና ሌላ ሰም ስለተቀላቀለበት ነው። ስለዚህ ለዚያ ቃል ተጨማሪ አትክፈሉ። ሰም መቀባት ግን እኔም እወዳለሁ። ጥቁርና ቀይ ቀለም ላይ የሚሰጠው ጥልቀት ዓይን ይሞላል። ሠርግ ላለበት ወይም መኪና ለሚሸጥ ሰው ሰም ግዛ ነው የምለው።

«ሴራሚክ ስፕሬይ» የሚባለው ከላይ ካለው ሴራሚክ ጋር አንድ አይደለም። ስሙን ተውሶ ነው እንጂ ጠባዩ ወደ ሲላንት ይቀርባል። ትቀባላችሁ፣ ትጠርጋላችሁ፣ ጥቂት ወር ይቆያል። መጥፎ አይደለም። ግን ስትረጩት ብዙ ስለሚሄድ የሚሊ ሊትሩን ዋጋ ከሲላንት ጋር አስተያዩ። «ሴራሚክ» የሚለው ቃል ብቻ ዋጋውን ከፍ አድርጎት ታገኛላችሁ።

ከሦስቱም በላይ ገንዘብ ማውጣት ያለባችሁ ጨርቅ ላይ ነው። ይህን ስናገር ጓደኞቼ አይሰሙኝም። የመኪናችሁ ቀለም ላይ በፀሐይ የምታዩት የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት በአብዛኛው የሚመጣው ከአጠባና ከአደራረቅ ነው። ማይክሮፋይበር፣ ማለትም በጣም ከቀጠነ ክር የተሠራ ጨርቅ፣ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ማይክሮፋይበር አይደለም። ደረቁን ጨርቅ በመዳፋችሁ ስትዳስሱት ያዝ ያዝ ካላደረጋችሁ፣ ውሃ ሲንጠባጠብበት ካልጠጣው፣ ተዉት። አሮጌ ሲዲ ካላችሁ ጀርባውን በጨርቁ እሹት። ከጫረው መኪናችሁንም ይጭራል። ለመጥረጊያ በካሬ ሜትር ከ300 እስከ 400 ግራም የሚመዝነውን እመርጣለሁ። ጠርዙ ላይ የተሰፋችውን ምልክት በመቀስ ቁረጧት፤ እሷም ትጭራለች። መሬት የወደቀ ጨርቅ ለቸርኬ ይሁን፤ ወደ ቀለሙ አይመለስ።

ሲላንቱን እንዴት እንደምቀባ ልንገራችሁ። መኪናዋን ጥላ ውስጥ አቆማለሁ፤ ላሜራው ሲነካ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። 2 ባልዲ እይዛለሁ፦ አንዱ ሻምፖ፣ አንዱ ጓንቱን የማለቅልቅበት ንጹሕ ውሃ። ዕለት ተዕለት በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ አታጥቡ፤ የቀባችሁትን ሰም ያነሳዋል። ከታጠበ በኋላ እጄን ስስ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ አግብቼ ቀለሙን እዳስሳለሁ። ሻካራ ከሆነ ክሌይ እጠቀማለሁ፤ ሊጥ የመሰለ ማጽጃ ነው። በሚያንሸራትት ፈሳሽ አርሼ ሳልጫን አንሸራትታለሁ። ክሌዩ መሬት ከወደቀ ይጣላል፤ አሸዋ ከያዘ ብርጭቆ ወረቀት ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ሲላንቱን በስሱ። ሲደበዝዝ እጠርገዋለሁ። ያን ሌሊት ዝናብ እንዳያገኛት አደርጋለሁ። በቃ። ማሽን የለበትም።

ማሽን እገዛለሁ የምትሉ ካላችሁ ደግሞ እየተሽከረከረ የሚወዛወዘውን ዓይነት ብቻ ግዙ፤ ድዩዋል አክሽን ይሉታል። ሲጫኑት አብዛኛውን ጊዜ መዞሩን ያቆማል እንጂ በቀላሉ አያቃጥልም። በእርግጥ ርካሹ ፎርጅድ ትንሽ ስትነኩትም ይቆማል። የፓዱ መያዣ ጠርዝ ላይ በማርከር መስመር አስምሩ፤ ስትሠሩ መዞሩን ታዩበታላችሁ።

አዲስ የተቀባ ላሜራ ካላችሁ ደግሞ ምንም አትቀቡበት፤ መጀመሪያ ይደርቅ። ቀለም ቀቢዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 90 ቀን ይላሉ። የእኔን ኮፈን 2 ወር ጠብቄለታለሁ።

ሴራሚክ ለማን ይሆናል? ጣሪያ ያለው ማቆሚያ ላለው፣ በማሽን ፖሊሽ ማድረግ ለለመደ፣ መኪናዋ ከ3 ዓመት በላይ እጁ ላይ ለምትቆይ ሰው። ገዝታችሁ ከሆነና ካልቀባችሁት አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ኮፈኑን ሙሉ አትቀቡ። ክንድ ያህል በክንድ ያህል ቦታ ብቻ ቀቡ፣ ጥረጉ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፉ። በስልካችሁ መብራት ከጎን እያያችሁ፤ ዘይት የመሰለ ነገር ካያችሁ እዚያው፣ ሳይደርቅ፣ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ እንደገና ጥረጉት። ኮፈኑንም መጨረሻ አድርጉት፤ እጃችሁን ከኋላ በር ላይ አሟሹ።